ለቲቸር ጻፉ፦ አመድ፣ እምቦጭና የእንጀራ ዐይን

ባለፈው እትም «ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነ?» የሚል ጥያቄ መልሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች አንድ ትልቅ ፖስታ ሞልተዋል። ከባሕር ዳር፣ ከዘጌ፣ ከፎገራ፣ ከደምቢያ። አብዛኞቹ ከደብተር መሃል ተቀድዶ በወጣ ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸው። አንዱ የዓሣ ሽታ አለው። እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ መርጬ አልመልስም። የቻልኩትን ያህል እሄዳለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ካርቦን ልክ እንደ ወንጀለኛ ነው የተጻፈው። «ካርቦን ይበክላል»፣ «ካርቦን ይገድላል»። ልጆቼ፣ እኔም እናንተም ከካርቦን የተሠራን ነን። ጤፉም፣ ዓሣውም፣ የጻፋችሁበት ወረቀትም እንደዚሁ። ካርቦንን እንደ እንግዳ አስቡት። እንግዳ ቤት ሲገባ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ስንት ቀን እንደሚያድር መጠየቅ ነውር ነው። ካርቦንን ግን ሁለቱንም ጠይቁት። ከየት መጣ? ስንት ጊዜ ይቆያል? እኔ ዛሬ የምመልሰው በሙሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

«አያቴ ዛፍ የሚበላው አፈር ነው ትላለች። መጽሐፋችን ግን ዛፍ ምግቡን ከአየርና ከውሃ ይሠራል ይላል። ይህን ስነግራት ‹ታዲያ ለምን ማዳበሪያ እንገዛለን?› አለችኝ። ማን ነው ልክ?»
*የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዘጌ*

አያትሽን ሰላም በይልኝ። የማዳበሪያዋ ጥያቄ ቀላል አይደለም። መምህራንም ይቸገሩበታል።

ዛሬ ማታ ምድጃ ዳር አብራችሁ ቁጭ በሉና እንጨቱን እዩት። ክንድ የሚያህል ፍልጥ ሲገባ ከባድ ነው። እሳቱ ሲበርድ ምን ይተርፋል? አንድ እፍኝ አመድ። ከመቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ አመድ ቢወጣ ነው። ከአፈር የመጣው እሱ ነው። ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ፎስፈረስና ሌሎች ማዕድናት። የቀረው ሁሉ የት ሄደ? ወደ መጣበት ወደ አየር ሄደ። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ፣ ሃይድሮጅኑ እንፋሎት ሆኖ። የምትሞቁት ሙቀት ደግሞ ዛፉ ለዓመታት ያጠራቀመው የፀሐይ ብርሃን ነው።

አያትሽ ያሰበችውን ከ370 ዓመታት በፊትም ሰዎች ያስቡ ነበር። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሰው ሊያጣራው ተነሳ። 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር መዝኖ በትልቅ ገንዳ አደረገ። ሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏን ነቅሎ ሲመዝናት 77 ኪሎ ሆናለች። አፈሩን አድርቆ ሲመዝን የጎደለው 57 ግራም ብቻ ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ስኳር እንኳ አይሞላም። ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1648 ታትሟል።

ሰውየው «ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው» ብሎ ደመደመ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። «ጋዝ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣውንም ጋዝ ያውቀው ነበር። ዛፉን የሠራው ያ ጋዝ በአፍንጫው ሥር እያለ አላየውም። ቅጠል አየር ይመገባል ብሎ ማሰብ ለማንም ሰው ከባድ ነው። አያትሽ ብቻዋን አይደለችም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 6 ሞለኪዩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ6 ሞለኪዩል ውሃ ጋር ሲገናኝ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊል የያዘው ብርሃን ጉልበት ሆኖለት፣ 1 ሞለኪዩል ግሉኮስና 6 ሞለኪዩል ኦክስጅን ይወጣል። በሚዛን ስናየው ይበልጥ ይገባል። 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውሃ ገብተው 180 ግራም ስኳርና 192 ግራም ኦክስጅን ይወጣል። ደምሪው። የገባው 372፣ የወጣውም 372። ምንም አልጠፋም። መጽሐፍሽ «ብርሃን አስተፃምሮ» ብሎት ይሆናል። ፎቶሲንተሲስም ስትይው ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት «ዛፍ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ካርቦኑን ወስዶ ኦክስጅኑን ይተፋል» ብዬ ነበር የማስተምረው። ልክ አይደለም። የምንተነፍሰው ኦክስጅን የሚወጣው ከውሃው ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1941 ከበድ ያለ የኦክስጅን ዓይነት ባለው ውሃ ተፈትኖ ታይቷል። ያን ጊዜ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የልጅ ወላጆች ናቸው። ከመካከላቸው ይህን የሚያነብ ካለ ያርምልኝ።

አያትሽ ልክ የምትሆነው በአመዱ በኩል ነው። ወጥ ውስጥ ጨው ምን ያህል ነው? ቁንጥር ነው። ያለ እሱ ግን ወጡ አይበላም። ተክልም ናይትሮጅንና ማግኒዚየም ከአፈር ካላገኘ ክሎሮፊል አይሠራም። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ክሎሮፊል ከሌለ ደግሞ አየሩም ውሃውም ቢኖር ወጥ ቤቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ማዳበሪያ የምንገዛው ለዚያ ነው። ለአያትሽ «ምግቡ ከአየር ነው፣ ጨውና ቅመሙ ከአፈር ነው» በያት። ትስማማለች ብዬ አስባለሁ።

«እምቦጭም አረንጓዴ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። ታዲያ ለአየር ንብረት ሲባል ዛፍ ትከሉ፣ እምቦጭ ግን ንቀሉ የሚሉን ለምንድን ነው? እርስ በርሱ አይጋጭም?»
*የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደምቢያ*

ጎበዝ! ይህን ጥያቄ በ31 ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው ወደ ጣና ሐይቅ ወረድኩ።

ከዳር አንድ ዘለላ እምቦጭ ጎትቼ አወጣሁ። ሥሩ እንደ ጥቁር ጺም ተንጠልጥሏል። ደለል ይዟል፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችም ተጣብቀውበታል። የቅጠሉ አገዳ ከሥሩ ላይ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ነው። በቢላዋ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ አየር ብቻ። የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። እያንጠባጠበ በፌስታል ይዤ ሰፈራችን ሱቅ ሄድኩና በሽንኩርት ሚዛን አስመዘንኩት። 4 ኪሎ ሆነ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት። በዘጠነኛው ቀን መልሼ ወሰድኩት። 230 ግራም! ባለሱቁ ሚዛኑ የተበላሸ መስሎት ሁለት ጊዜ መዘነው።

እምቦጭ ማለት ይሄ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ሐይቁን ሲሸፍነው ስታይ ብዙ ነገር የተሠራ ይመስልሃል። ከመቶ 94 እና 95 እጁ ግን ውሃ ነው። ከደረቀው ውስጥ ካርቦኑ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከ4 ኪሎ ውስጥ መቶ ግራም ካርቦን አላገኘሁም።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቅ። ስንት ጊዜ ይቆያል? የእምቦጭ ቅጠል ዕድሜ የሚቆጠረው በሳምንታት ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሞታል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። ያ ኦክስጅን የቀረሶና የአምባዛ ትንፋሽ ነበር። ከላይ ምንጣፉ ብርሃን ስለከለለ ከሥር ያለው ዋቅላሚ፣ ደቃቁ አረንጓዴ የውሃ ሕይወት፣ ፎቶሲንተሲስ ሠርቶ ኦክስጅኑን መተካት አይችልም። ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይነሳሉ። እነሱ የሚያወጡት ሚቴን ነው። ሚቴን ክብደቱ እኩል ሲሆን፣ በመቶ ዓመት ሂሳብ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። ካርቦኑ የመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ነበር፤ ከፊሉ የሚመለሰው ብሶ ነው።

ዋንዛን አስበው። ዘንድሮ የሳበው ካርቦን ግንዱ ውስጥ ገብቶ አንተ አያት እስክትሆን እዚያው ሊቆይ ይችላል። ተቆርጦ በር ወይም ከበሮ ቢሆንም እንኳ ካርቦኑ እዚያው በእንጨቱ ውስጥ ነው። እምቦጭና ዋንዛ ሁለቱም ካርቦን ይስባሉ። አንዱ ቤት እንግዳው ለዓመታት ያድራል፣ ሌላው ቤት ጫማውን ሳያወልቅ ይወጣል።

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚህ የተመቸው ለምን እንደሆነ ከሥሩ ጺም ላይ ያየሁት ደለል ይናገራል። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ በክረምት ቀልተው ሲገቡ ከየማሳው የታጠበ አፈር ይዘው ነው። በአፈሩ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለ። ከከተማ የሚወጣ ቆሻሻም ይጨመርበታል። ለዘጌዋ ልጅ ስለ ጨውና ቅመም ያልኩትን አስታውስ። እኛ ለማሳ የገዛነውን ቅመም እምቦጭ በነፃ እየበላው ነው። ስለዚህ የአንተ ጥያቄ መልስ ከሐይቁ ዳር ብቻ ሳይሆን ከላይ ከተራራው ላይ ይጀምራል። እርከን የተሠራለት፣ ዛፍ ያለው ተዳፋት አፈሩን ይይዛል። የዛፍ ተከላውና የእምቦጭ ነቀላው አንድ ሥራ ነው።

ሌላም ልብ የምትለው ነገር አለ። ተነቅሎ ሐይቁ ዳር የተከመረ እምቦጭ እዚያው ከበሰበሰ ቅመሙ በዝናብ ታጥቦ ተመልሶ ይገባል። ራቅ አድርጎ ኮምፖስት ማድረግ ወይም ባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ይሻላል። ባዮጋዝ ከሆነ ሚቴኑ ታፍኖ ምድጃ ሥር ይነዳል።

«ሌሊት ዛፍ ሥር የተኛ ሰው ይታፈናል ይባላል። እውነት ነው?»
*የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር*

እውነት አይደለም። ዛፍ ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። ሌሊት ብርሃን ስለሌለ ፎቶሲንተሲስ ያቆማል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ግን መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሜዳው ላይ ያለው አየርም ሰፊ ነው። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አጠገብሽ የሚተኛው ወንድምሽ ቤት ውስጥ ካለ የአበባ ተክል የበለጠ ያወጣል፤ እሱን ፈርተሽ ግን አታውቂም።

የሚታፈነው በከሰል ነው። ይህን በቁም ነገር ስሚኝ። በዝናብ ጊዜ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ አሉ። ከሰል ኦክስጅን ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። የኔ ጎረቤቶች በዚህ አንድ ልጅ አጥተዋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ከሰል ካለ ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ አውጡት።

«በዓለም ላይ ከ8 ቢሊዮን በላይ ሰው አለ። ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ታዲያ ምድር የምትሞቀው በእኛ ትንፋሽ አይደለም?»
*የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር*

አይደለም። ለምን እንዳልሆነ እንጀራ ላይ ላሳይህ።

ጤፉ ማሳ ላይ እያለ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ስኳር ሠራ፣ ስኳሩን ስታርች አድርጎ ፍሬው ውስጥ አስቀመጠ። ጤፉ ተፈጨ፣ ተቦካ። እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕይወታውያን ስታርቹን እየሰባበሩ መብላት ጀመሩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አወጡ። ሊጡ ላይ አረፋ የሚፈጥረው እሱ ነው። እናትህ አብሲት ጥላ፣ ኩፍ ሲል ጠብቃ ምጣዱ ላይ ስታፈስሰው አረፋው እየፈነዳ ይወጣል። የወጣበት ቀዳዳ ዐይን ይባላል። እንጀራው ዐይን ከሌለው እናቶች የሚያዝኑት ለዚህ ነው፣ ጋዙ አልሠራም ማለት ነው። እንግዲህ በእንጀራ ዐይን የሚወጣው ካርቦን አምና ክረምት ማሳው ላይ ነፋስ ሆኖ ሲነፍስ የነበረው ነው። የቀረውን አንተ ትበላዋለህ፣ ሰውነትህ ያቃጥለዋል፣ በአፍንጫህ ይወጣል። ከአየር መጣ፣ አንድ ዓመት ያህል ቆየ፣ ወደ አየር ተመለሰ። ለሚመጣው ዓመት ጤፍ መልሶ ይስበዋል። ተጨማሪ ነገር የለውም። የካርቦን ዑደት የሚባለው ይሄ ነው።

መተንፈስ ማቃጠል መሆኑን በእጅህ መንካት ከፈለግክ የጠላ ብቅል ሲዘጋጅ ጠብቅ። ገብሱ ተነክሮ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሲያቆጠቁጥ እጅህን ክምሩ ውስጥ ክተት። ይሞቃል። እሳት የለም፣ ፀሐይ የለም። ፍሬው ራሱ ስኳሩን እያቃጠለ ነው። ደግሞ ቡቃያውን እየው። ነጣ ያለ ነው፣ አረንጓዴ አይደለም። ብርሃን ስላላየ ክሎሮፊል አልሠራም። እኔ ለ12ኛ ክፍል ትንፈሳን የማስተምረው ለፋሲካ ከጠመቅሁት የተረፈ ብቅል በሳህን ይዤ ገብቼ ነበር።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። ከቤትህ ደጃፍ ባጃጅ ያልፋል። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ከየት መጣ? እሱም ከፎቶሲንተሲስ ነው። ጥንት ባሕር ውስጥ የነበሩ ደቃቅ ሕይወታውያን በፀሐይ ብርሃን የሳቡት ነው። ሞቱ፣ ጭቃ ሥር ተቀበሩ፣ ለሚሊዮኖች ዓመታት ታፍነው ነዳጅ ሆኑ። የድንጋይ ከሰልም አብዛኛው ከጥንት ረግረግ ዛፎች የመጣ ነው፣ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው አለ። ይህ እንግዳ ከቤቱ ወጥቶ ሊመለስ የሚችለው በኛ ዕድሜ አይደለም። እኛ ግን በአንድ ቀን እናወጣዋለን። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። «ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም እኮ» ካልክ ልክ ነህ። ትርፉ ክብደት ከአየር የተጨመረው ኦክስጅን ነው።

ዓለም በሙሉ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ዕፅዋትና ውቅያኖስ ተጋግዘው ግማሽ ያህሉን ይስቡታል። ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሃዋይ ላይ፣ ማውና ሎአ በሚባል ተራራ፣ ይህን መለካት ጀመረ። ያኔ ከሚሊዮን የአየር ሞለኪዩል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ420 አልፏል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር።

የኪሊንግን ሥዕል አግኝተህ ብታየው ደስ ይለኛል። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም። በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ይወርዳል፣ ቅጠል ሲረግፍ ይወጣል። የሁሉም ቅጠል ፎቶሲንተሲስ ተደምሮ በአንድ ወረቀት ላይ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ዐይኔ እንባ አቅርሯል። ምድር ስትተነፍስ ነው የሚታየው። እና ትንፋሿ እየወጣና እየወረደ ሳለ መስመሩ በሙሉ ደግሞ በየዓመቱ ወደ ላይ ይጓዛል። ያ ጉዞ ነው የባጃጁ፣ የመኪናው፣ የፋብሪካው ድርሻ።

የአገራችን ከሰልስ? እሱ መሃል ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ካደገ የወጣውን ያህል ይስበዋል። አገር በቀል ደን ተመንጥሮ ካልተተካ ግን ለመቶ ዓመት የተቀመጠ ካርቦን በአንድ ክረምት ወጣ ማለት ነው።

«ምድር የምትሞቀው ኦዞን ስለተቀደደ አይደለም?»
*የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ጎንደር*

ይህን ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። ኦዞን ጎጂውን የፀሐይ ጨረር ይከለክላል። እሱን ያሳሱት በፍሪጅና በሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ የነበሩ ጋዞች ናቸው። አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ተስማምተው እያስቀሩት ነው፣ ኦዞኑም እያገገመ ነው። ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከመሬት ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን ያምቃል። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1856 አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ተራ አየር፣ ሌላው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጋ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ይበልጥ ሞቀ፣ ለመቀዝቀዝም ዘገየ። አየር ውስጥ ይህ ጋዝ ቢበዛ ምድር ትሞቃለች ብላ የጻፈችውም ያኔ ነው። ስሟን ደብተርሽ ላይ ጻፊልኝ፣ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር።

«ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ሲገባ ደግሞ ማሳችንን አጥለቀለቀው። አባቴ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ይላል። መምህራችን በአንድ ዓመት አይታወቅም ይላሉ።»
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፎገራ*

መምህርህም አባትህም የያዙት እውነት አለ። የአንድ ዓመት ዝናብ የአየር ጠባይ ነው። የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት ያህል መዝገብ ተገልጦ ነው። የእኛን ክረምት ከሩቅ ሆነው የሚያውኩትም ነገሮች አሉ። ሰላማዊ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፣ ያን ጊዜ የክረምት ዝናባችን ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ድርቅ ቤተሰብህ ያስታውሰዋል። ኤልኒኖ ደግሞ ከፋብሪካ ዘመን በፊትም ነበረ።

ግን አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2024 ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው 1.5 ዲግሪ ያህል ሞቃ ነበር። ብዙ የተሸከመ አየር ሲጥል በኃይል ነው የሚጥለው። አባትህ የሚያየው ይህን ሊሆን ይችላል። አባትህን ዝናብ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በየዓመቱ ከአንተ ጋር ግድግዳ ላይ እንዲጽፍ ለምነው። የገበሬ ዐይን ትልቅ መሣሪያ ነው፣ የጎደለው መዝገብ ብቻ ነው።

«አባቴ ደንገል ቆርጦ ታንኳ ይሠራል። ክፍል ውስጥ ‹ዕፅዋትን መቁረጥ የአየር ንብረትን ያበላሻል› ሲባል ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አባቴ እያጠፋ ነው?»
*የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቁ ዳር*

ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ደብዳቤ ይህ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አይ ልጄ። አባትህ እያጠፋ አይደለም። ለምን እንደሆነ በደንብ ልንገርህና አንተ ደግሞ ለክፍል ጓደኞችህ ንገር።

ደንገልን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥላ የተዘረጋ ጸጉር አለው። ሰፊ ቅጠል የለውም። አገዳው ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ ፎቶሲንተሲስ ይሠራል። በዚያ ላይ ደንገል ከጤፍ፣ ከበቆሎና ከማሽላ ጋር የሚጋራው ብልሃት አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሁለት እርከን ይይዛል። መጀመሪያ አጥምዶ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ስኳር ወደሚሠራበት ክፍል ያስገባል። በሞቃት ፀሐይ ሌሎች ተክሎች ሲደክሙ እሱ ይሠራል። በዓለም ላይ በፍጥነት ከሚያድጉ ተክሎች አንዱ ነው።

አባትህ የሚቆርጠው አገዳውን ነው። ውሃው ውስጥ የሚጋደመው ወፍራም ግንድ ሥር ይቀራል። ከእሱ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ሲጣል ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን በቦታው ያደገው ደንገል ያንኑ ያህል ስቧል። እንደ እንጀራው ዐይን ነው።

ደንገል ትልቁን ካርቦን የሚያስቀምጠው ታንኳው ላይ አይደለም። ከሥሩ ነው። የሞተው አገዳና ሥር ጭቃው ውስጥ ይወድቃል። እዚያ ኦክስጅን የለም፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። ከፊሉ ሚቴን ሆኖ ይወጣል፣ ይህን አልደብቅህም። የቀረው ግን በላይ በላዩ እየተደረበ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ደንገል ውስጥ ስትገባ እግርህ የሚሰምጥበት ያ ጥቁር ነገር ብዙ መቶ ዓመት የተጠራቀመ ካርቦን ሊሆን ይችላል። አየር እስካልነካው ድረስ ይተኛል።

አየር የሚነካው መቼ ነው? ሐይቁ ሲሸሽ ደንገሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ባሕር ሸሹ መሬት ሲታረስ ነው። ጭቃው ይገለበጣል፣ ይደርቃል፣ ኦክስጅን ይገባል፣ ባክቴሪያዎቹ ይነቃሉ። ስንት ዘመን የተኛ ካርቦን በጥቂት ዓመታት ይወጣል። ወንዙ የሚያመጣውን ደለል የሚያጠልለውም አብሮ ይጠፋል፣ እምቦጭም መንገድ ያገኛል። እኔ ልጅ ሆኜ ከባሕር ዳር ዳርቻ ከብዙ ቦታ ሐይቁ አይታይም ነበር፣ ደንገሉ ይከልለው ነበር። አሁን ወለል ብሎ ይታያል። ሰው «እይታው አማረ» ይላል፤ እኔን ያመኛል። አባትህ ደግሞ ደንገሉ ቢጠፋ ሥራው ስለሚጠፋ ከሁላችንም በላይ እንዲኖር የሚፈልግ ሰው ነው።

አንድ ነገር አባትህን ጠይቅልኝ። የተቆረጠ ደንገል መልሶ ለታንኳ እስኪደርስ ስንት ወር ይፈጃል? ከሥሩስ ስንት ጣት ከፍ አድርጎ ነው የሚቆርጠው? ደግሞም ከ20 ዓመት በፊት ይቆርጥበት የነበረው ቦታ ዛሬ ምን በቅሎበታል? የነገረህን እንደተናገረው ጻፍልኝ። እሱ ከፈቀደ በሚመጣው እትም መጀመሪያ ገጽ ላይ በስሙ አወጣዋለሁ።